ጥልቅ የእግር ቁስል በሰው ሠራሽ ቆዳና በቆዳ ተከላ ሲዘጋ፦ ለታማሚና ለአስታማሚ ዝርዝር መመሪያ

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ይሄዳል፣ ቆዳው በደንብ ይተከላል፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠቁሮና ተልጦ ይገኛል። ድሬዳዋም ሐረርም ይህ የሚደርስባቸው ብዙ ናቸው። የባጃጅና የሞተር አደጋ፣ ቃጠሎ፣ የስኳር ቁስል፣ መነሻው የትኛውም ይሁን የሚበላሸው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ቆይቷል፣ ፋሻው ተነካክቷል፣ ከቆዳው ሥር ደም ወይም መግል ተጠራቅሟል።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ያዙ። ሐኪማችሁ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን የእሱን አድርጉ። ቁስሉን ያየው እሱ ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ

እግሩ ላይ የሚደረገው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው የታማሚው የራሱ ቆዳ ነው። ብዙ ጊዜ ከጭን በስሱ ይላጣል፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ይህ ቆዳ የሚኖረው ከሥሩ ካለው ሥጋ ደም ካገኘ ብቻ ነው። ልባሱ የተገፈፈ አጥንት ወይም ሽፋኑ የሄደ ጅማት ላይ ቢለጠፍ ይሞታል።

ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ቆዳ የሚባለው ንጣፍ ነው። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። የደም ሥሮች ወደ ቀዳዳዎቹ እያደጉ ይገቡና ቆዳ የሚያርፍበት መሠረት ይሠራሉ። እዚያ ላይ ነው ስሱ ቆዳ የሚተከለው። አንዳንዱ ንጣፍ ከቆዳው ጋር በአንድ ቀን ይደረጋል፤ ማትሪደርም የሚባለው እንዲህ ነው። ሌላው፣ ለምሳሌ ኢንቴግራ፣ በተለምዶ ሁለት ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ በመሃል ሳምንታት አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የሚቀጥለውን ሁሉ ታደበላልቃላችሁ።

አጥንቱ በሰፊው ከተጋለጠ ንጣፉም ላይበቃ ይችላል። ሐኪሙ ከነደም ሥሩ የሚዞር ሥጋ ያስፈልጋል ካለ፣ «ዝም ብላችሁ ቆዳ ለጥፉበት» ብሎ መሟገት ጊዜ መግደል ነው።

ደረጃ 1፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት

1. ዕቃው መኖሩን አረጋግጡ። ሰው ሠራሽ ቆዳ ውድ ነው፤ ሁልጊዜም በእጅ አይገኝም። ድሬዳዋ ድል ጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የምትታከሙ ከሆነ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ፦ ንጣፉ አለ? ከሌለ በምን ይተካል? ወደ አዲስ አበባ መላክ ያስፈልጋል? መልሱን ጻፉት። ቤት ስትደርሱ ዘመድ ሁሉ ይጠይቃችኋል፤ የሰማችሁትን በቃል ስትናገሩ ነገሩ ይለወጣል።

2. ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። የኢንቴግራ ኮላጅን (ንጣፉ የተሠራበት ፕሮቲን) ከከብት ነው፤ ከሻርክ የሚወጣ ነገርም አለበት። ከአሳማ የሚሠሩም አሉ። ኖቮሶርብ የሚባለው ደግሞ ከእንስሳ ምንም የለውም። እኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአሳማ ነገር ቅር ስለሚለው፣ ጥያቄው ነውር የለውም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሰምቶ ከመጨነቅ አስቀድሞ ጠይቆ፣ ከሼኹ ወይም ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል።

3. ሲጋራ ይቁም። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት፣ ከተከላውም በኋላ 4 ሳምንት። ኒኮቲን ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያጠባል፤ አዲሱ ቆዳ የሚኖረው ደግሞ በእነሱ ነው።

4. ጫትም እንዲሁ። በሐረር ምድር ይህን መጻፍ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሦስት ጉዳት አለው። የደም ሥር ያጠባል፣ ምግብ ያዘጋል፣ ባርጫ ላይ ደግሞ ጉልበት ታጥፎ ለሰዓታት ይቀመጣል። «ትንሽ ብቻ ልቃም» የሚል ታማሚ ካለ፣ ሦስተኛው ጉዳት ብቻ ይበቃል በሉት።

5. ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ይስተካከል። ከ180 በላይ እየዋለ ከሆነ ቀጠሮውን ከመጠበቅ ቀድሞ ለሐኪሙ መናገር ነው። የደም ማነስም ካለ አሁኑኑ ይታከም።

6. የቴታነስ ክትባት መወሰዱን ጠይቁ።

7. ምግብ። ጥልቅ ቁስል ያለበት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ አለው። ጠዋት ፉል በእንቁላል፣ ምሳ ምስር ወይም ሥጋ፣ ማታ ወተት ብትሉ ትጠጋላችሁ። የግመል ወተት የምትጠጡ አፍሉት፤ ጥሬው ሌላ በሽታ ይጨምራል። ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን ይህን መጠን ከሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። ጾም ከሆነ፣ ረመዳንም ሆነ ዐቢይ ጾም፣ ለሕመምተኛ ፈቃድ እንዳለ የሃይማኖት አባቶች ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ሂዱና ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ቁስሉን ማጽዳት

ይህ የሆስፒታሉ ሥራ ነው። የሞተው ሥጋ ይነሳል፣ ቁስሉ ይታጠባል። አንዳንዴ ቁስል የሚመጥ ማሽን፣ ቫክ የሚሉት፣ ይገጠማል። ማጽዳቱ ሁለቴ ሦስቴ ሊደገም ይችላል።

ቁስሉ ለተከላ የሚደርሰው ቀይ፣ ሲነካ የሚደማ፣ የማይሸት ሲሆን ነው። ሐኪሙ ቀጠሮ ቢገፋ አትቆጡ። መግል ያለበት ቁስል ላይ የተለጠፈ ንጣፍ ይበሰብሳል፤ ያ ሁሉ ገንዘብም አብሮ ይሄዳል።

የእናንተ ድርሻ፦ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅጠል፣ የባጃጅ ዘይት፣ የተፈጨ እንክብል እንዳይነካው። ሳቭሎንና ጠንካራ አዮዲንም በራሳችሁ አታፍስሱበት፤ የሚያድገውን ሥጋ ያቃጥላል።

ደረጃ 3፦ ንጣፉ ተደርጎ ሲጠበቅ

ሁለት ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ዓይነት ከሆነ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ትጠብቃላችሁ። ቁስሉ ላይ ግልጽ የሲሊኮን ሽፋን ታያላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ፕላስቲክ ተረስቶ የቀረ መስሎት ይልጠዋል። የሚነሳው በሐኪም እጅ፣ በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ቀን ነው።

ቀለሙን ተከታተሉ። መጀመሪያ ቀይ ነው፣ በሳምንቱ ገደማ ሮዝ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ በሰለ ኮክ ዓይነት ቢጫ ይሄዳል። ይህ ጥሩ ጉዞ ነው።

ነገር ሲበላሽ፦

- ሽፋኑ ዳሩ ከተነሳ፦ አትጎትቱት፣ ፕላስተርም አትለጥፉበት። በንጹሕ ጎዝ ሸፍናችሁ ሂዱ።
- ከሥሩ ፈሳሽ ከተንሳፈፈ፦ በዚያው ቀን አሳዩ። ሐኪሙ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ሊያወጣው ይችላል። እናንተ በመርፌ አትሞክሩ።
- ከሸተተ፣ መግል ከወጣ፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ከሞቀና ካበጠ፦ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ቆዳው ከተተከለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ 5 ቀናት

ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቆዳው ምንም የደም ሥር የለውም። ከሥሩ የሚያገኘውን እርጥበት እየመጠጠ ነው የሚቆየው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሥሩና የቆዳው የደም ሥሮች መገናኘት ይጀምራሉ። እስከ ሳምንቱ መገናኘቱ ይጠነክራል። በዚህ መሃል ቆዳው ትንሽ ቢንሸራተት የተገናኘው ይበጠሳል። ከሥሩ ደም ቢገባ ደግሞ ከነጭራሹ አይገናኝም።

ስለዚህ፦

1. እግሩን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጉ። ትራሱ ከባት ሥር ይግባ። ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ፤ ፍራሽ ላይ ለቀናት የተጫነ ተረከዝ ሌላ ቁስል ያወጣል። ጀሶ ወይም መደገፊያ ካለ የሚቆረቁር ቦታ እንዳለው ጠይቁ።

2. ጣቶቹን በቀን ደጋግማችሁ እዩ። ሰማያዊ ከሆኑ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ፋሻው ጠብቋል፤ ወዲያው ነርስ ጥሩ።

3. ሽንትም ሰገራም አልጋ ላይ። መቀመጫ የሌለው ሽንት ቤት ላይ ቁጢጥ ማለት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፣ እግሩንም ደም ይሞላዋል። ፖፖና የሽንት ዕቃ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ታማሚው ያፍራል፤ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆነ «ልጄ ፊት እንዴት» ይላል። ክፍሉን ባዶ አድርጉለት እንጂ አታስነሱት።

4. ጠያቂ አልጋ ላይ አይቀመጥ። የእኛ ሰው ታማሚ ለመጠየቅ ሲመጣ እግርጌ ነው የሚቀመጠው፤ ፍራሹ ሲሰምጥ እግሩ ይንቀሳቀሳል። በርጩማ ከአልጋው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሌላው ቢቀር እግርጌው ላይ ብርድ ልብስ ከምሩበት፣ ቦታ የለም ማለት ነው።

5. ፋሻውን አትክፈቱ። «እስቲ እንየው» የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። ከላይ ትንሽ ደም ቢታይ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አክብቡና ሰዓቱን ጻፉበት። ክቡን አልፎ እየሰፋ ከሄደ ለነርስ ንገሩ።

6. ውኃ አይንካው። ለሶላት የሚታጠብ ሰው በታሸገ ቁስል ላይ ስላለው ፈቃድ ሼኹን ይጠይቅ፤ ተኝቶ መስገድም ይቻላል። ጸበልም ፋሻው ላይ አይፈስም። ይጠጣ፣ ወይም ፊት ላይ ይረጭ።

7. ሙቀቱን ተቆጣጠሩ። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ፋሻ ውስጥ ላብ መጠራቀሙ አይቀርም። አልጋውን ከፀሐይ ግድግዳ አርቁ። ቬንቲሌተር ይሁን፤ አቧራ የሚያመጣው መስኮት ግን ይዘጋ። ቀንም ቢሆን አጎበር ዘርጉ፤ ዝንቡንም የወባና የዴንጌ ትንኝንም ይከለክላል። ፋሻው በላብ ከራሰ በራሳችሁ ከመቀየር ለነርሷ ንገሩ።

8. ጤነኛው እግር ይሥራ። ታማሚው በየሰዓቱ የጤነኛውን እግር ቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ፣ በጥልቀት ይተንፍስ። ብዙ ቀን መተኛት ደም ያረጋል። ባቱ በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ለነገ አይባልም።

ማሽን የተገጠመለት ከሆነ ሲጮህ አታጥፉት። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው አየር ስለገባበት ወይም ባትሪው ስላለቀ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለረጅም ሰዓት የቆመ ማሽን ከቁስሉ ላይ ዝም ብሎ አይተውም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው መክፈት

አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው ቀን አካባቢ ሐኪሙ ይከፍተዋል። ከግማሽ ሰዓት በፊት የታዘዘውን ማስታገሻ ይውሰድ። ጎዙ ከተጣበቀ በንጹሕ የጨው ውኃ ይራስ፤ ተቻኩሎ የሚጎትት ሰው ካያችሁ በትሕትና «ትንሽ እናርሰው» በሉ።

የምታዩት ምን ማለት ነው?

- ሮዝ፣ የተጣበቀ፦ ይዟል።
- ላዩ ጠቁሮ እንደ ስስ ወረቀት የሚላጥ፣ ከሥሩ ግን ሮዝ፦ አትደንግጡ። የተላጠው የላይኛው ልባስ ነው፤ ታችኛው ሕያው ነው።
- ወይን ጠጅ፣ ያበጠ፦ ከሥሩ ደም አለ። ቶሎ ከወጣ ቆዳው ሊተርፍ ይችላል።
- ጥቁር ደረቅ ወይም ነጭ ለስላሳ፣ ሲነካ የሚንሸራተት፦ ያ ክፍል አልያዘም።
- አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ጣፋጭ የመሰለ ሽታ፦ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው የታወቀ ነው፣ ግን በዚያው ቀን ይጀመር።

ትንንሽ ያልያዙ ቦታዎች ካሉ ከዳር እየሞሉ ይዘጋሉ፤ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ሰፊ ከሆነ እንደገና መትከል ይመጣል። ለዚያ ደግሞ ቁስሉ እንደገና መጽዳት አለበት፤ ማለትም ወደ ደረጃ 2።

ደረጃ 6፦ ቆዳው የተወሰደበት ጭን

ታማሚው ከእግሩ ይልቅ በጭኑ ቢያለቅስ አትገረሙ። የበለጠ የሚያመው እሱ ነው። የላይኛው ፋሻ ሲነሳ ቁስሉ ላይ የተጣበቀው የውስጥ ጎዝ እንዳለ ይተዋል። ከ10 እስከ 14 ቀን፣ አንዳንዴ እስከ 3 ሳምንት ድረስ፣ በራሱ ከዳር እየተነሳ ይወድቃል። የተነሳውን በመቀስ ቁረጡ፣ የተጣበቀውን ተዉት። ከሸተተ ወይም ዙሪያው ከቀላ አሳዩ። ማሳከኩ ጤናማ ነው፤ ማከኩ ግን አይደለም። የልጆችን ጥፍር ቁረጡ።

ደረጃ 7፦ እግር ማውረድ

ሐኪሙ «አሁን አውርድ» ሳይል አትጀምሩ። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን በኋላ ነው፤ ንጣፍ ያለበት ወይም መጋጠሚያ ላይ ያለ ቁስል ይዘገያል።

1. መጀመሪያ ላስቲክ ፋሻ ይጠቅለል። ከጣቶች ሥር ተጀምሮ፣ ተረከዙን ይዞ፣ እስከ ጉልበት ሥር ድረስ፣ እየተሻገረ። ታች ጠበቅ፣ ላይ ላላ።
2. አልጋ ዳር ተቀምጦ እግሩን ለ5 ደቂቃ ያውርድ።
3. መልሶ ከፍ ያድርግና ፋሻው ተከፍቶ ቀለሙ ይታይ። ጥቁር ወይን ጠጅ ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ከደማ፣ ለዚያ ቀን ይብቃ።
4. ደህና ከሆነ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። በማግስቱ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 15 ደቂቃ።
5. ከዚያ በክራንች ጥቂት እርምጃ። ቆሞ መቅረት ከመራመድ ይብሳል፤ ወይ ይራመድ ወይ ይተኛ።

ደረጃ 8፦ መንገድ

ባጃጅ ለዚህ ሰው አይሆንም። እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለውም፣ የድሬ ኮብልስቶን ደግሞ ያንቀጠቅጣል። አማራጭ ከሌለ ታማሚው በጎኑ ዞሮ የኋላውን ወንበር ሙሉ ይያዝ፣ እግሩ በትራስ ይደገፍ፣ ሾፌሩ ቀስ ይበል።

ከድሬ ወደ ሐረር የምትወጡ ከሆነ መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የደንገጎ ጠመዝማዛም አለበት። በሚኒባስ መሃል ተጨናንቆ መሄድ ይቅር። የኋላውን ወንበር ሙሉ ክፈሉና ጋደም ይበል። የተጨማሪ ወንበር ሒሳብ ከሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይረክሳል።

ደረጃ 9፦ ቆዳው ከያዘ በኋላ ቤት ውስጥ

ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ በለብታ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ፣ ሳይፈገፈግ ይድረቅ። ቧንቧ ሲቋረጥ የተቀመጠ የበርሜል ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ያልተዘጋ ቦታ ለማጠብ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ ተኩል ልሙጥ (ያልተከመረ) የሻይ ማንኪያ ጨው በቂ ነው፤ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

የተተከለው ስስ ቆዳ ቅባትም ላብም አያመነጭም። ስለዚህ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ። ፀሐይ ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይንካው፤ ረጅም ሱሪ ወይም ሽርጥ ይበቃል። ቀለሙ ከሌላው ቆዳ የተለየ ሆኖ ለወራት ይቆያል።

ስሜቱም ደካማ ነው። ቡና ሲፈላ እግሩን ወደ ከሰል ማንደጃው የዘረጋ ሰው እየተቃጠለ ላያውቅ ይችላል። ወይባ ጢስ መሞቅም ይቆይ። የሚሻክር ጫማም እንዲሁ፤ ማታ ማታ እግሩን በዓይን ፈትሹ።

ቁስሉ ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ከሆነ መጋጠሚያው እንዳይኮማተር የታዘዘውን መደገፊያ ሌሊት አትተዉ፣ ፊዚዮቴራፒውንም አታቋርጡ።

ትኩሳት ሲመጣ

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ሁሉ የቁስል አይደለም። ወባ አለ፣ ዴንጌ አለ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሷት ነበር። ቁስሉ ደህና መስሎ ትኩሳት ከመጣ ቁስሉም ደሙም ይመርመሩ። ዴንጌ አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን አትስጡ፤ ደም መፍሰስ ያመጣሉ።

ዘግይቶ የሚመጣ ነገር

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በጠባሳው ላይ ትንሽ ቁስል ወጥቶ ከሦስት ወር በላይ ካልዘጋ፣ ዳሩ ካበጠና ካደገ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ ከደማ፣ ቅባት እየቀያየራችሁ አትቆዩ። አልፎ አልፎ የቆየ ጠባሳ ወደ ካንሰር ይለወጣል። ሐኪሙ ናሙና እንዲወስድ ጠይቁ።